ከዮርክ እስከ ዎል ስትሪት፦ አሜሪካ የመጀመሪያ መንግሥቷን የለወጠችበት መንገድ

ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና የሚያጠና ሰው ሁለት ዓመተ ምሕረቶችን በቃሉ ይይዛል፦ ነጻነት የታወጀበትን 1776ን እና ሕገ መንግሥቱ የተጻፈበትን 1787ን። በመካከል ያሉት 11 ዓመታት ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ። በእነዚያ ዓመታት አገሪቱ ሌላ መተዳደሪያ ሰነድ፣ ሌላ ዓይነት ኮንግረስና ሌላ የድምፅ አሰጣጥ ነበራት። ያ መንግሥት ለምን እንደተሽመደመደና ያለ ጦርነት እንዴት እንደተተካ ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት ለሚፈልግ፣ መንገዱ ከዋሽንግተን ሩቅ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ለሚኖር አንባቢ አብዛኛው የደርሶ መልስ ጉዞ ነው። እኔ የተጓዝኩት የታሪኩን ቅደም ተከተል ይዤ ነው፤ ዮርክ፣ አናፖሊስ፣ ፊላደልፊያ፣ ኒውዮርክ፣ መጨረሻ ላይ ዋሽንግተን። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዮርክ፣ ፔንሲልቬኒያ፣ በባልቲሞር በኩል ከዋሽንግተን በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ናት። ኮንግረሱ እዚህ የመጣው በ1777 እንግሊዞች ፊላደልፊያን ሲይዙበት ሸሽቶ ነው። የተሰበሰበበት ፍርድ ቤት ከፈረሰ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬ በኮዶረስ ወንዝ ዳር የሚጎበኘው እንደገና የተሠራ አምሳያው ነው። ለግድግዳው ብላችሁ ብዙ አትቆዩ። የክፍሉን ጥበት ለማየትና ሰነዱን በእርጋታ ለማንበብ ግን ደህና ቦታ ነው።

የኮንፌዴሬሽኑ አንቀጾች በኮንግረሱ የጸደቁት እዚህ ዮርክ፣ ኖቬምበር 15 ቀን 1777 ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፉት ጆን ዲኪንሰን ናቸው፤ ስማቸው በዚህ ጉዞ ደጋግሞ ስለሚመጣ ያዙት። አንቀጾቹ 13 ናቸው። እያንዳንዱ ግዛት ከ2 እስከ 7 ልዑካን ይልካል፤ ሁለትም ላከ ሰባት ድምፁ አንድ ነው። ጦርነት ለማወጅ፣ የውጭ ውል ለማጽደቅ፣ ገንዘብ ለመበደር ከ13ቱ የ9 ግዛቶች ድምፅ ያስፈልጋል። ሰነዱን ለማሻሻል 13ቱም መስማማት አለባቸው። ፕሬዚዳንት የሚባል ሰው አለ፤ ሥራው ስብሰባ መምራት ብቻ ነው። አስፈጻሚ አካል የለም፤ በግዛቶች ላይ የሚፈርድ ቋሚ ብሔራዊ ፍርድ ቤትም የለም።

ዋናው ቀዳዳ ገንዘቡ ላይ ነው። ኮንግረሱ በማንም ላይ ግብርም ቀረጥም መጣል አይችልም። ብር ሲፈልግ የየግዛቱን የመሬትና የሕንፃ ዋጋ መሠረት አድርጎ መዋጮ ይደለድላል፤ ከዚያ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ከዚያ ይጠብቃል። ያልከፈለውን ግዛት የሚያስገድድበት አንድም መሣሪያ የለውም። ቅጣት የሌለበት እድር ማለት ነው፦ ቀድሞ የከፈለው ሞኝ ይመስላል፣ የዘገየው ደግሞ ምንም አይጎድልበት። እያንዳንዱ ግዛት ጎረቤቱ እስኪከፍል ሲጠብቅ ሣጥኑ ባዶ ይቀራል።

ይህን የጻፉት ሰዎች የመንግሥት አሠራር የማያውቁ አልነበሩም። ከሩቅ ሆኖ ግብር የሚጥል ፓርላማ ጋር እየተዋጉ ስለነበር፣ ግብር የሚጥል ሌላ የሩቅ አካል ለማቋቋም እጃቸው አልፈታ አለ። ሰነዱ በሥራ ላይ የዋለው እንኳ ከጸደቀ ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ማርች 1 ቀን 1781 ነው፤ ሜሪላንድ ትልልቆቹ ግዛቶች በምዕራብ በኩል የያዙትን የመሬት ይገባኛል ካልለቀቁ አልፈርምም ብላ ሁሉንም አቆየች። ለፍትሕ ያህል ይህም ይነገር፦ ያ ደካማ ኮንግረስ ጦርነቱን ዳር አድርሷል፤ በ1785 እና በ1787 ባወጣቸው ደንቦችም የምዕራቡ መሬት እንዴት እንደሚለካና አዳዲስ ግዛቶች ከነባሮቹ ጋር በእኩልነት እንዴት እንደሚገቡ መሠረት ጥሏል።

ችግሩን ራሱ ኮንግረሱም አይቶት ነበር። በ1781 ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ 5 በመቶ ቀረጥ እንድሰበስብ ፍቀዱልኝ ብሎ ጠየቀ። በ1782 ሮድ አይላንድ እምቢ አለች፤ ትንሿ ግዛት ብቻዋን ጉዳዩን ገደለችው። በ1783 ተሻሽሎ ሲቀርብ ደግሞ ወደቧ ጥሩ ገቢ የሚያስገባላት ኒውዮርክ አሰናከለችው። በ1786 ኒው ጀርሲ፣ ኒውዮርክ ቀረጡን ካልተቀበለች እኔም መዋጮ አልከፍልም አለች። ለፈረንሳይ የሚከፈለው የብድር ወለድም ተቋርጦ ነበር። ይህን 5 በመቶ አስታውሱት፤ ኒውዮርክ ላይ እንደገና እናገኘዋለን።

ከዮርክ ወደ አናፖሊስ ወረድኩ። ከዋሽንግተን በቀጥታ ለሚሄድ በሩት 50 ወደ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሜሪላንድ ምክር ቤት ሕንፃ ለጎብኚ ነጻ ነው፤ አዋቂ ሰው ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይዞ መፍተሻውን ያልፋል። መኪናችሁን በጠባቦቹ መንገዶች ላይ ለማቆም አትድከሙ፤ ምክር ቤቱ ሥራ ላይ በሚሆንባቸው ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ባሉት ወራት ቦታ ማግኘት በጣም ይከብዳል። ከምድር ቤት ከፍ ብሎ የሚታየው ትልቁ ጉልላት ከእንጨት የተሠራ ነው። መሄድ ያለባችሁ ግን ወደ አሮጌው የሴኔት አዳራሽ ነው፤ በውስጡ የጆርጅ ዋሽንግተን የነሐስ ሐውልት ቆሟል።

ከኖቬምበር 1783 ጀምሮ ለወራት የአገሪቱ መንግሥት በዚህ ክፍል ውስጥ ነበር። የመጣው እንደገና ሸሽቶ ነው። በዚያው ዓመት ጁን ወር ደሞዝ ያልተከፈላቸው ወታደሮች ፊላደልፊያ ላይ ሕንፃውን ከበቡ፤ ኮንግረሱ የራሱ ጠባቂ ስላልነበረው ወደ ፕሪንስተን ሄደ፣ ከዚያ ወደዚህ። ዲሴምበር 23 ቀን 1783 ዋሽንግተን የጦር አዛዥነታቸውን እዚህ ክፍል ውስጥ መልሰው ሲያስረክቡ የተገኙት የ7 ግዛቶች ልዑካን ብቻ ነበሩ፤ ሃያ ሰው ገደማ። ሐውልቱን አይቶ የሚያልፍ ጎብኚ ይህን ቁጥር ልብ ሊለው ይገባል፦ 7።

ምክንያቱም በዚያው ሳምንት የፓሪሱ የሰላም ውል ጠረጴዛው ላይ ነበር። እንግሊዝ ነጻነታቸውን የተቀበለችበት ውል ሴፕቴምበር 3 ቀን 1783 ተፈርሞ፣ በ6 ወር ውስጥ ጸድቆ እንዲለዋወጡት ታዟል። ለማጽደቅ 9 ግዛቶች ያስፈልጋሉ፤ ያሉት 7 ናቸው። መርከብ ውቅያኖሱን ለመሻገር ከወር እስከ ሁለት ወር ይፈጃል፤ ወቅቱም ክረምት ነው። ምልዓተ ጉባኤ ጠፍቶ ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ የጎደሉት ልዑካን ደርሰው ውሉ ጃንዋሪ 14 ቀን 1784 ጸደቀ፤ ሰነዱ ግን በሰዓቱ አልደረሰም። እንግሊዞች ነገሩን ስላላጠበቁት ብቻ ተረፉ። አገር ያሸነፈበትን ውል ለማጽደቅ ሰው መለመን ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ክፍል ውስጥ ቆሞ ማሰብ ያስጨንቃል።

ጁን 2 ቀን 1784 ደግሞ ኮንግረሱ ከመበተኑ በፊት ሠራዊቱን አሰናበተ። የቀሩት 80 ወታደሮች ናቸው፦ 25 ፎርት ፒት ላይ፣ 55 ዌስት ፖይንት ላይ፣ ሥራቸውም የመሣሪያ ግምጃ ቤት መጠበቅ ነው። በማግስቱ ለምዕራቡ ጠረፍ 700 ሚሊሻ አዋጡ ተብሎ አራት ግዛቶች ተጠየቁ፤ አሁንም ጥያቄ ነው፣ ትእዛዝ አይደለም። በዚህ ጊዜ እንግሊዞች ናያግራንና ዲትሮይትን የመሳሰሉ ምሽጎችን አልለቀቁም ነበር።

የለውጡ መንገድ የተከፈተው በፖለቲካ ሳይሆን በወንዝ ነው። የፖቶማክ ወንዝ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ያዋስናል፤ ማን ቀረጥ ይሰበስባል፣ ማን ዓሣ ያጠምዳል የሚለውን ለመነጋገር በማርች 1785 የሁለቱ ግዛቶች ተወካዮች አሌክሳንድሪያ ላይ ተገናኙ፣ ከዚያም በዋሽንግተን ግብዣ ወደ ማውንት ቨርነን ቤታቸው ተዛወሩ። ስምምነቱ ሲሳካ ሌሎቹም ግዛቶች ተጨምረው ስለ ንግድ ይነጋገሩ ተባለ። በሴፕቴምበር 1786 አናፖሊስ ላይ በተጠራው በዚህ ስብሰባ የተገኙት 12 ሰዎች ናቸው፣ ከ5 ግዛቶች። አስተናጋጇ ሜሪላንድ ራሷ ልዑክ አልሰየመችም። ስብሰባውን የመሩት እነዚያው ጆን ዲኪንሰን ናቸው። በ12 ሰው ንግድን መወሰን እንደማይቻል ስላዩ አንድ ብልህ ነገር አደረጉ፦ አሌክሳንደር ሃሚልተን ባረቀቁት ሪፖርት፣ ሁሉም ግዛቶች በቀጣዩ ሜይ ፊላደልፊያ ላይ ተገናኝተው መንግሥቱን በሙሉ ይመርምሩ ብለው ጻፉና በአራት ቀን ውስጥ ተበተኑ። የተሰበሰቡበት መጠጥ ቤት እንደነበረ አልቆየም። ከምክር ቤቱ ቁልቁል ወደ ወደቡ ስትወርዱ ግን ሌላ ነገር ታገኛላችሁ፤ ያ ወደብ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ከመርከብ የሚራገፉበት ነበር። ይህን የምጠቅሰው ፊላደልፊያ ላይ ስለሚያስፈልገን ነው።

ማሳቹሴትስ ውስጥ ያለው ስፕሪንግፊልድ ከመንገዱ ስለሚርቅ በዚህ ጉዞ አልጨመርኩትም፤ ሳይነገር ግን አይታለፍም። በ1786 ዕዳና ግብር ያስመረራቸው የምዕራብ ማሳቹሴትስ ገበሬዎች፣ ብዙዎቹ የጦርነቱ ዘማቾች፣ ፍርድ ቤቶችን ዘጉ። ጃንዋሪ 25 ቀን 1787 በዳንኤል ሼይስ መሪነት ወደ ስፕሪንግፊልድ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሲጠጉ በመድፍ ተመቱ፤ 4 ሞቱ። ግምጃ ቤቱ የኮንግረሱ ንብረት ነው፤ ኮንግረሱ ግን የሚልከው ወታደርም የሚከፍለው ገንዘብም አልነበረውም። አመፁን የበተነው ጦር የተደራጀው የቦስተን ነጋዴዎች ባዋጡት ገንዘብ ነው። ወደ ፊላደልፊያ ለመሄድ ያመነቱ የነበሩ ብዙዎች ከዚህ በኋላ ጓዛቸውን አሰናዱ።

ፊላደልፊያ ከዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ከ30ኛው መንገድ ጣቢያ በከተማው ባቡር ተሳፍራችሁ 5ኛ መንገድ ላይ ትወርዳላችሁ። ጉባኤው ለተካሄደበት ለኢንዲፔንደንስ ሆል በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ሰዓት የተወሰነለት ቲኬት ያስፈልጋል፤ በኢንተርኔት ቀደም ብሎ መያዝ ይሻላል። በበጋ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ሄዶ እዚያው አገኛለሁ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ውጭ ቆሞ ይቀራል። ቲኬቱ ላይ ካለው ሰዓት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፤ መፍተሻው ራሱ ሰልፍ አለው፣ ትልልቅ ሻንጣም አይገባም።

ጉብኝቱ አጭር ነው፤ ዋናው አዳራሽ ውስጥ የምትቆዩት ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ምን እንደምታዩ አውቃችሁ ግቡ። ክፍሉ ወደ 12 ሜትር በ12 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ነው። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሱት ጠረጴዛዎች በግዛት በግዛት ተከፍለው፣ ሁሉም ፊት ለፊት ወዳለው የሰብሳቢው መድረክ ዞረዋል። አብዛኛው ዕቃ የዘመኑ እንጂ የዚያው ክፍል አይደለም። መድረኩ ላይ ያለው ወንበር ግን ራሱ ነው፤ ጆን ፎልዌል የተባሉ አናጺ በ1779 የሠሩት፣ ዋሽንግተን ጉባኤውን ሙሉ የተቀመጡበት። የመደገፊያው አናት ላይ በወርቅ ቀለም የተቀባ ግማሽ ፀሐይ ተቀርጿል። አስጎብኚው ስለ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ስለዚያች ፀሐይ መናገሩ አይቀርም፤ እናንተ ዓይናችሁን ጠረጴዛዎቹ ላይ አድርጉ። ጉዳዩ ያለቀው እዚያ ነው።

ጉባኤው የተቀጠረው ሜይ 14 ቀን 1787 ነበር። በዕለቱ የተገኙት ቨርጂኒያና ፔንሲልቬኒያ ብቻ ናቸው። ምልዓተ ጉባኤ፣ 7 ግዛት፣ የሞላው ሜይ 25 ነው። የቨርጂኒያ ልዑካን በመጠባበቂያዎቹ ቀናት እየተገናኙ የባልደረባቸውን የጄምስ ማዲሰንን ሐሳብ በ15 ነጥብ አዘጋጁ፤ ይህ ምናልባት የበጋው ትልቁ ብልሃት ነው። ኮንግረሱ ጉባኤውን የፈቀደው የድሮውን አንቀጾች ለማሻሻል ብቻ ነበር። ሜይ 29 ከቨርጂኒያ ልዑካን አንዱ ኤድመንድ ራንዶልፍ ተነስተው 15ቱን ነጥቦች ሲያነቡ፣ ጠረጴዛው ላይ የወደቀው ሙሉ አዲስ መንግሥት ነው፦ ሁለት ምክር ቤት፣ አስፈጻሚ፣ ፍርድ ቤት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክርክሩ የሄደው በዚያ ረቂቅ ላይ ነው። ቀድሞ ወረቀት ያቀረበ አጀንዳውን ያዘ።

የስብሰባ ደንቡንም ማወቅ ይገባል፤ የተሳካው ግማሹ በደንቡ ምክንያት ነውና። ድምፅ የሚሰጠው በግዛት ነው፤ የልዑካኑ ሐሳብ እኩል ለእኩል ከተከፈለ ግዛቱ ድምፁ ይባክናል። የተወሰነ ነገር ተመልሶ እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል፤ ስለዚህ ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ አያፍርም። የተነገረው ሁሉ ምሥጢር ነው፤ በር ላይ ጠባቂ ቆሟል፣ ለጋዜጣ የወጣ ቃል የለም። ምሥጢሩ ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው ቅር ሊለን ይችላል። ነገር ግን የየግዛታቸው ጋዜጣ በየማግስቱ ቢዘግብባቸው ኖሮ አንዳቸውም ከያዙት አቋም ንቅንቅ አይሉም ነበር።

ጉባኤው ሊፈርስ የደረሰው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ድምፅ በግዛት ይሁን ወይስ በሕዝብ ቁጥር? ዴላዌር ልዑካኖቿ የአንድ ግዛት አንድ ድምፅን ደንብ አሳልፈው እንዳይሰጡ አዝዛለች። ጁን 15 ትንንሾቹ የኒው ጀርሲን ረቂቅ አቀረቡ፤ የድሮው ኮንግረስ ይቆይ፣ ቀረጥና ንግድ ይጨመርለት የሚል ነው። 7 ለ3 ወደቀ፤ ሜሪላንድ ለሁለት ተከፈለች። ጁላይ 2 በሴኔቱ እኩልነት ላይ ድምፅ ሲሰጥ 5 ለ5 ሆነ፣ ጆርጂያ ተከፈለች። ከየግዛቱ አንድ ሰው ተመርጦ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጁላይ 16 መፍትሔው በ5 ለ4 አለፈ፤ ማሳቹሴትስ ተከፈለች። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሕዝብ ቁጥር፣ ሴኔት ለእያንዳንዱ ግዛት እኩል። ኒውዮርክ ድምፅ አልነበራትም፤ ከሦስቱ ልዑካኗ ሁለቱ ጁላይ 10 ጥለው ሄደዋል። ኒው ሃምፕሸር ገና አልደረሰችም፤ ሮድ አይላንድ ጨርሶ አልመጣችም። የዛሬው ሴኔት ቅርጽ በአንድ ግዛት ድምፅ ብልጫ የተገኘ ነው።

«የሕዝብ ቁጥር» ሲባል ማን ይቆጠራል የሚለው ደግሞ የዚህ ቤት ቁስል ነው። በባርነት የተያዙ ሰዎች ከአምስት ሦስት እጅ ተብለው ተቆጠሩ። ክፍልፋዩ ያን ቀን የተፈለሰፈ አይደለም። በ1783 የድሮው ኮንግረስ መዋጮውን በመሬት ዋጋ ፋንታ በሕዝብ ቁጥር ለማድረግ ሲሞክር የተስማማበት ነው፤ ያ ማሻሻያ 13ቱን ድምፅ ስላላገኘ ወደቀ፣ ክፍልፋዩ ግን ተረፈ። ለግብር ሲሆን የደቡብ ባለ ርስቶች ቁጥሩ እንዲያንስ ይከራከሩ ነበር፤ ለመቀመጫ ሲሆን እንዲበዛ። ውጤቱ ተጨባጭ ነው፦ የተቆጠሩት ሰዎች ድምፅ የላቸውም፣ በእነሱ ቁጥር የተገኘው ወንበር ግን ለጌቶቻቸው ነው፤ ፕሬዚዳንት የሚመርጡት መራጮች ብዛትም በዚያው ይሰላል። በ1790ው ቆጠራ እነዚህ ሰዎች ወደ 700,000 ነበሩ። ሌላም ተጨመረ፦ ኮንግረሱ እስከ 1808 ድረስ የባሪያ ንግድን ከውጭ እንዳያግድ ተከለከለ፤ ይህ ክልከላ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንኳ እንዳይነካ አንቀጽ 5 ላይ ተቆለፈ። በሰነዱ ውስጥ «ባሪያ» የሚል ቃል የለም፤ «ሌሎች ሰዎች» ይላል። የፔንሲልቬኒያው ልዑክ ጉቨርነር ሞሪስ ኦገስት 8 ተነስተው ይህን አጥብቀው አውግዘዋል፤ ድምፁ ግን አልተለወጠም። አፍሪካዊ ሆኖ እዚያ ክፍል የሚቆም ሰው ይህን በደንብ አውቆ መቆም አለበት፤ ጉብኝቱ ሲጣደፍ የሚዘለለው ይህ ክፍል ነውና አስጎብኚውን ጠይቁ።

ከአዳራሹ ስትወጡ በስተምዕራብ ያለውን ክፍል አትዝለሉት፤ የኮንፌዴሬሽኑ አንቀጾችና የአዲሱ ሕገ መንግሥት የታተሙ ቅጂዎች ጎን ለጎን አሉ። ሁለት ብሎክ ወደ ሰሜን ደግሞ የሕገ መንግሥት ማእከሉ ሙዚየም አለ፤ እዚያ 42 የነሐስ ሐውልቶች በቁመተ ሰውነት ቆመዋል። 39ኙ ፈራሚዎች ናቸው፤ ሦስቱ እስከ መጨረሻው ቀን ቆይተው አንፈርምም ያሉት ራንዶልፍ፣ ጆርጅ ሜሰንና ኤልብሪጅ ጌሪ። ራንዶልፍ 15ቱን ነጥቦች ያነበቡት ሰው ራሳቸው ናቸው። ሜሰን የመብቶች ዝርዝር ይግባ ብለው ሴፕቴምበር 12 ጠይቀው አንድም ግዛት አልደገፋቸውም፤ ጉባኤው ደክሞ ነበር፣ ስህተቱም ከባድ ዋጋ አስከፈለ።

ለእኔ የሰነዱ ትልቁ ፈጠራ መጨረሻ ላይ ያለችው አጭሯ አንቀጽ 7 ናት። የድሮው ሕግ 13ቱ ምክር ቤቶች ካልተስማሙ ምንም አይለወጥም ይላል። አንቀጽ 7 ደግሞ 9 ግዛቶች ካጸደቁ በእነዚያ 9 መካከል ይጸናል አለች፤ የሚያጸድቁትም ሕዝብ ለዚሁ የሚመርጣቸው ጉባኤዎች እንጂ ሥልጣናቸው የሚቀነስባቸው የግዛት ምክር ቤቶች አይደሉም። ሮድ አይላንድ ብቻዋን ማገድ የማትችልበት መንገድ ተገኘ። በመግቢያው ላይ የግዛቶቹ ስም ዝርዝር ወጥቶ «እኛ የዩናይትድ ስቴትስ ሕዝብ» የተባለውም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ የትኞቹ ዘጠኝ እንደሚገቡ አስቀድሞ ማን ያውቃል? በድሮው ሕግ ከተለካ ይህ ከሥልጣን መውጣት ነው። በዚያን ጊዜ ኒውዮርክ ላይ ይሰበሰብ የነበረው የድሮው ኮንግረስ ግን ሴፕቴምበር 28 ሳያጸድቅም ሳይቃወምም ሰነዱን ለግዛቶች አስተላለፈው።

ማጽደቁ ንጹሕ ሥራ አልነበረም። ሰነዱ ፊላደልፊያ ውስጥ ገና በጋዜጣ ከወጣ አሥር ቀን ሳይሞላው፣ የፔንሲልቬኒያ ተቃዋሚ አባላት ምልዓተ ጉባኤ ለማሳጣት ከምክር ቤቱ ቀሩ። ሁለቱ ከማደሪያቸው በሕዝብ እየተገፉ መጥተው በግድ ተቀመጡና የግዛቱን አጽዳቂ ጉባኤ የሚጠራው ውሳኔ አለፈ። ዴላዌር በ30 ለ0 ዲሴምበር 7 ቀዳሚ ሆነች፤ ሴኔት ውስጥ እኩል ድምፅ ስላገኘች ምን ትፈልጋለች? ማሳቹሴትስ በ187 ለ168 ያለፈችው ማሻሻያ እንዲደረግ ከሚጠይቅ ዝርዝር ጋር ነው፤ ከዚያ በኋላ ይህ ዘዴ ለሌሎቹም መንገድ ሆነ። ዘጠነኛዋ ኒው ሃምፕሸር ናት፣ ጁን 21 ቀን 1788፣ 57 ለ47። ቨርጂኒያ 89 ለ79፣ ኒውዮርክ 30 ለ27። በቨርጂኒያና በኒውዮርክ የጥቂት ሰው ልብ ቢዞር ኖሮ መንግሥቱ መሐሉ ጎድጉዶ ይጀምር ነበር።

ኒውዮርክ ላይ በምድር ባቡር 2 ወይም 3 ቁጥር ይዛችሁ ዎል ስትሪት ውረዱ። አዲሱ መንግሥት ሥራ ወደ ጀመረበት ፌደራል ሆል በሥራ ቀን ሂዱ፤ ቅዳሜና እሑድ በሩ ዝግ ሊሆን ይችላል። ዓምዶች ያሉት የዛሬው ሕንፃ በ1842 ለጉምሩክ የተሠራ ነው፤ የ1789ኙ በ1812 ፈርሷል። ውስጥ ተጠብቆ የሚታየው ዋሽንግተን ኤፕሪል 30 ቀን 1789 ለፕሬዚዳንትነት ሲምሉ እንደቆሙበት የሚነገርለት ድንጋይ ነው። አዲሱ ኮንግረስ ሥራ እንዲጀምር የተቀጠረው ማርች 4 ነበር፤ በዕለቱ 8 ሴናተሮችና 13 ተወካዮች ተገኙ። የተወካዮቹ ምልዓተ ጉባኤ ኤፕሪል 1፣ የሴኔቱ ኤፕሪል 6 ሞላ። ሁሉም 69 መራጮች ዋሽንግተንን መረጡ፤ አስተናጋጇ ኒውዮርክ ግን ሁለቱ ምክር ቤቶቿ ስላልተስማሙ አንድም መራጭ አልላከችም። ሰሜን ካሮላይናና ሮድ አይላንድም ገና ውጭ ነበሩ።

ቢሆንም ልዩነቱ ወዲያው ታየ። ጁላይ 4 ቀን 1789 የቀረጥ ሕጉ ተፈረመ። በስም ላልተዘረዘረ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ 5 በመቶ። ሮድ አይላንድ በ1782 ያገደችው ያው ቁጥር፣ አሁን በአብላጫ ድምፅ ብቻ አለፈ፤ ሰብሳቢውም የፌደራል ሠራተኛ ነው። ሮድ አይላንድ በሕዝበ ውሳኔ ከ2,700 በላይ ተቃውሞ ከ240 ያነሰ ድጋፍ አስመዝግባ ነበር፤ በሜይ 1790 ሴኔቱ ንግዷን የሚዘጋ ሕግ ሲያሳልፍባት በ34 ለ32 ገባች። የገንዘብ ሚኒስቴሩን የመሩት ሃሚልተን መቃብር ከዚያው መንገድ ጫፍ ትሪኒቲ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው፤ አምስት ደቂቃ የእግር መንገድ።

የመጨረሻው ማረፊያ ዋሽንግተን፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። በአረንጓዴው ወይም በቢጫው መስመር አርካይቭስ ጣቢያ ትወርዳላችሁ፤ መግቢያው ነጻ ነው፣ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። አዳራሹ ሆን ተብሎ ጨለም ያለ ነው፤ ብርሃን ቀለሙን ስለሚያደክመው። ዓይናችሁ እስኪለምድ ቆም በሉ። አራቱ የብራና ቅጠሎች እያንዳንዳቸው 73 በ60 ሴንቲ ሜትር ያህል ናቸው፣ አርጎን ጋዝ በሞላባቸው ሣጥኖች ውስጥ ተቀምጠዋል። የጻፉት ጃኮብ ሻለስ የተባሉ የፔንሲልቬኒያ ምክር ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ በቅዳሜና እሑድ ሠርተው 30 ዶላር ተከፈላቸው።

ሰው ሁሉ የመጀመሪያው ቅጠል ትልልቅ ፊደላት ላይ ይከማቻል። እናንተ ወደ 15ኛው መስመር ውረዱ። «ሠላሳ» የሚለው ቃል ከፊሉ በተፋቀ ብራና ላይ ተጽፏል። ሴፕቴምበር 17፣ ሰነዱ ተጽፎ ካለቀ በኋላ፣ አንድ ተወካይ ከ40,000 ሰው አይነስ የሚለው ወደ 30,000 ይውረድ ተባለ። በጉባኤው ጉዳይ ላይ ዝም ብለው የከረሙት ዋሽንግተን ተነስተው ደገፉት፤ ያለ ተቃውሞ አለፈ፣ «አርባ»ው ተፋቀ። አሁን ወደ አራተኛው ቅጠል ሂዱ። ከፊርማዎቹ ግራ ሻለስ ሥርዝ ድልዙን መዝግበውታል፤ በየትኛው ቅጠል፣ በስንተኛው መስመር፣ የትኛው ቃል እንደገባ ወይም እንደተፋቀ። «ሠላሳ»ም እዚያ ተጠቅሳለች። ከሥሩ የጉባኤው ጸሐፊ ዊልያም ጃክሰን አረጋግጠው ፈርመዋል። በዴላዌር ፊርማዎች ውስጥ የጆን ዲኪንሰንን ስም ታገኛላችሁ፤ እሳቸው ታመው ስለሄዱ የፈረሙላቸው ጆርጅ ሪድ ናቸው። የመጀመሪያውን መንግሥት ያረቀቁት ሰው ስም በሁለተኛው ላይ ያረፈው በሰው እጅ ነው።

እዚያው አዳራሽ የመብቶች ዝርዝሩም አለ። ስትቆጥሩት 12 አንቀጽ ታገኛላችሁ፤ ዲሴምበር 15 ቀን 1791 የጸደቁት 10ሩ፣ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ያሉት ናቸው። ሁለተኛው የኮንግረስ አባላትን ደሞዝ የሚመለከት ሲሆን የጸደቀው በ1992 ነው። የመጀመሪያው ከ30,000 ሰው አንድ ተወካይ ብሎ ጀምሮ ሕዝቡ ሲጨምር ምክር ቤቱ እንዴት እንደሚሰፋ ይዘረዝራል፤ እስከ ዛሬ አልጸደቀም። የተወካዮቹ ብዛት በተራ ሕግ 435 ላይ ቆሟል፤ በ2020 ቆጠራ መሠረት ለአንድ ተወካይ በአማካይ ከ760,000 በላይ ሰው ይደርሳል።